የሥራ ፈጠራ ፋና ወጊዋ እቴጌ ጣይቱ ብጡል

በደቡብ ወሎ ዞን የወረባቦ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው ቢስቲማም ሆነ በደሴና በኮምቦልቻ ምግብ ቤትና የእንግዳ ማረፊያ ከፍቶ መተዳደር ዛሬ የተከበረ ሥራ ነው። ከአንድ ምዕተ ዓመት በፊት ግን እንግዳን አብልቶ ገንዘብ መቀበል እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። ይህን ልማድ ለመለወጥ ቀድመው ከተነሱት መካከል እቴጌ ጣይቱ ብጡል ይገኙበታል።

እቴጌ ጣይቱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በሰሜንና በበጌምድር ከታወቀ የመሳፍንት ቤተሰብ ተወለዱ። በዘመኑ ለሴቶች እምብዛም ያልተለመደውን ንባብና ጽሕፈት የተማሩ ሲሆን፣ በገና በመደርደርም ይታወቁ ነበር። በ1875 ዓ.ም. ከሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጋር በአንኮበር ተጋቡ። በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ግርጌ በፍልውሃ አካባቢ ለተቆረቆረችው ከተማ አዲስ አበባ የሚለውን ስም ያወጡት እርሳቸው ናቸው። በ1882 ዓ.ም. የእቴጌነት ዘውድ ደፉ።

የእቴጌዋ ታሪክ ከወሎ ምድር ጋር በጥብቅ የተሳሰረ ነው። ከወረባቦ ጋር በሚዋሰነው በአምባሰል ወረዳ በምትገኘው ውጫሌ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ባስከተለው ውዝግብ፣ የአገሪቱን ነፃነት ለድርድር ማቅረብ እንደማይገባ አጥብቀው የተከራከሩት እቴጌ ጣይቱ ነበሩ። በ1888 ዓ.ም. ሠራዊቱ በወረኢሉ ተሰባስቦ ወደ ሰሜን ሲዘምት የራሳቸውን ጦር አሰልፈው አብረው ዘመቱ። በመቀሌ የጠላት ምሽግ ውኃ የሚቀዳበት ምንጭ እንዲያዝ ያቀረቡት ሐሳብ ምሽጉ ያለ ተጨማሪ ደም መፋሰስ እንዲለቀቅ አስችሏል። ስንቅን፣ ውኃንና የሰው ኃይልን አቀናጅቶ የመምራት ይህ ችሎታ ኋላ ለሰላሙ ጊዜ ሥራም ጠቅሟቸዋል።

ከአድዋ ድል በኋላ የውጭ መንግሥታት መልእክተኞችና ነጋዴዎች ወደ አዲስ አበባ መጉረፍ ጀመሩ። እንግዶቹ የሚያርፉት በድንኳን ወይም በመኳንንቱ ግቢ ስለነበር ችግሩ ጎልቶ ታየ። እቴጌዋ ችግሩን እንደ ሥራ ዕድል በመመልከት በ1900 ዓ.ም. በአሁኑ ፒያሳ አካባቢ በአገሪቱ የመጀመሪያ የሆነውን ዘመናዊ ሆቴል አስከፈቱ። ሆቴሉም በማዕረጋቸው እቴጌ ሆቴል ተባለ።

ሆኖም ሕንፃው መቆሙ ብቻ ገበያውን አላመጣም። በትውፊት እንደሚተረከው፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለምግብ ገንዘብ ለመክፈል የሚደፍር አልተገኘም። አፄ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው በሆቴሉ ከተመገቡና ሒሳቡን ከከፈሉ በኋላ ግን ሌሎችም አርአያቸውን ተከትለዋል። ርእሰ ብሔሩ እንደማንኛውም ደንበኛ መክፈላቸው ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ሥራ ሠርቷል።

የ1900 ዓ.ም. ፋይዳ በዚህ አያበቃም። በአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች የተሾሙት በዚያው ዓመት ሲሆን፣ አንጥረኛውን፣ ሸማኔውንና ሌላውንም ባለሙያ በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅም በዚሁ ዓመት ወጥቷል። ዘመናዊ አስተዳደር፣ የሙያ ክብርና የግል ሥራ ፈጠራ በአንድ ዓመት ውስጥ እጅ ለእጅ መያያዛቸው ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

እቴጌ ጣይቱ በሆቴሉ ብቻ አልተወሰኑም። በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ በውጭ ባለገንዘቦች እጅ በመሆኑ፣ በ1901 ዓ.ም. አካባቢ ባለሀብቶችን አስተባብረው እርሻንና ንግድን በብድር የሚያግዝ አገር በቀል ማኅበር አቋቋሙ።

ይሁንና የአፄ ምኒልክ ሕመም እየጠና ሲሄድ በቤተ መንግሥቱ የተነሳው የሥልጣን ሽኩቻ እቴጌዋን በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ አገለላቸው። አፄ ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ቀሪ ዘመናቸውን በእንጦጦ አሳልፈው በየካቲት 1910 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ሆቴላቸው ግን መንግሥታት ቢፈራረቁም፣ በ2007 ዓ.ም. የእሳት አደጋ ቢደርስበትም፣ በስማቸው እየተጠራ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ዘልቋል።

የእቴጌ ጣይቱ ሕይወት ለዛሬው የመንግሥት ሠራተኛና ኃላፊ የሚያስተላልፈው ትምህርት ግልጽ ነው። ሥራ ፈጣሪ ሐሳብና ድፍረት ቢኖረውም የመጀመሪያው ደንበኛ ካልመጣ፣ የመጣውም ሒሳቡን በወቅቱ ካልከፈለ ሥራው ሥር አይሰድም። በቢስቲማ ወይም በኮምቦልቻ አንድ ወጣት አዲስ ሥራ ሲጀምር፣ በአቅራቢያው ያለ መሥሪያ ቤት ምርቱን ቢገዛና ክፍያውን ሳያጓትት ቢፈጽም፣ በ1900 ዓ.ም. በእቴጌ ሆቴል የታየውን አርአያነት በተግባር መድገም ይሆናል።