የጃፓንን ቃል በእንግሊዝኛ የፈቱት ሐኪም

የጃፓንኛን ቃላት በእንግሊዝኛ ለመፍታት ከደከሙት ሰዎች መካከል ፊተኛውን ስፍራ የምንሰጠው ለዶክቶር ጄምስ ከርቲስ ሔፕበርን ነው። እርሳቸውም በ1815 (ዓመቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ፥ በፔንሲልቬንያ ተወለዱ፤ ሕክምና ተምረውም በ1836 ተመረቁ። በሲንጋፖርና በቻይና ጥቂት ዓመታት ከቆዩ በኋላ ኒው ዮርክ ገብተው ስመ ጥር ሐኪም ሆኑ። ይሁን እንጂ ጃፓን ወደቦቿን ለውጭ አገር ሰዎች በከፈተች ጊዜ፥ ሌሎቹ ልጆቻቸው ሞተው አንድ ብቻ የተረፈላቸውን ወንድ ልጅ እንኳ ባገራቸው ትተው፥ በ1859 ከባለቤታቸው ጋራ ካናጋዋ ደረሱ።

የሄዱት ለስብከት ነበረ፤ ክርስትና ግን በሕግ የተከለከለ ስለ ነበረ በግልጽ ማስተማር አልቻሉም። ስለዚህ በሽተኛውን ያለ ዋጋ ማከም ያዙ። በኛ ግምት የመዝገበ ቃላቱ እውነተኛ ትምህርት ቤት ይኸው ነው፤ ሕመሙን የሚናገር ሰው የመጽሐፍ ቋንቋ አይመርጥምና። ከታካሚዎቹም አንዱ፥ ዐይኑን ያመመው ኪሺዳ ጊንኮ፥ የመጽሐፉ ዋና ረዳት ሆነ።

ሥራው ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ ለመረዳት ሱሚማሴን የሚለውን የዘወትር ቃል እንመልከት። ተማሪው ይቅርታ ማለት ነው ብሎ ያጠናዋል፤ ኋላ ስጦታ የተቀበለች ሴት ይህንኑ ስትል ሲሰማ፥ ምን አጠፋች ብሎ ግራ ይገባዋል። ቃሉ በቁሙ ሲፈታ አላለቀም እንደ ማለት ነው፤ ያደረጉልኝ ውለታ ገና አልተከፈለም የሚል ስሜት ስላለበት ለይቅርታም ለምስጋናም ይሆናል። ኦካጌሳማም ከጥላ የወጣ ቃል ነው፤ ደኅንነቱን የተጠየቀ ሰው፥ በጥላዎ ደኅና ነኝ እንደ ማለት ይመልስበታል። ለዚህ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ከየት ይመጣል?

ከ20,000 በላይ ቃላት የያዘው መጽሐፍ በ1867 ወጣ። ጃፓን ውስጥ የሚስማማ የማተሚያ ፊደል ስላልነበረ ከኪሺዳ ጋራ ሻንግሃይ ተሻግረው አሳተሙት። በ1886 በወጣው ሦስተኛ እትም፥ ጃፓንኛን በላቲን ፊደል ሲጽፉ ተነባቢውን እንደ እንግሊዝኛ፥ አናባቢውን እንደ ጣልያንኛ አደረጉት። ስልቱን አንድ ማኅበር አስቀድሞ በ1885 ተስማምቶበት ነበረ፤ ስሙ ግን ለእርሳቸው ቀረ። በጃፓን ፓስፖርት ላይ ስም የሚጻፈው ዛሬም በዚሁ መሠረት ነው። ጃፓኖች በበኩላቸው የሰውዬውን ስም እንደ ሰሙት ሔቦን ብለው ለምላሳቸው አመቻችተውታል።

በ1889 የሜይጂ ጋኩይን ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1892 ወደ አገራቸው ተመልሰው፥ በ1911፥ በ96 ዓመታቸው ኒው ጀርሲ ውስጥ ዐረፉ።