ከመጠጥ ለመላቀቅ ሐኪም ቤት የገባው ቢል ዊልሰን

በከሚሴና በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ባሉ ሌሎች ከተሞች መጠጥ በሙስሊሙም በወንጌል አማኙም ቤት ነውር ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ተደብቆ ይጠጣል፤ ለማቆም ሲወስንም በሩን ዘግቶ ብቻውን ይታገላል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። እስቲ የአንድ ሰው ሕይወት ላጫውትህ።

ቢል ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1895 በአሜሪካ ቨርሞንት ግዛት ተወለደ። መጠጥ የለመደው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መኮንን ሳለ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ገንዘብ አገኘ፤ መጠጡ ግን ሥራውንም ክብሩንም ነጠቀው። ቤቱን በደመወዟ የምትደግፈው ሚስቱ ሎይስ ሆነች። ዳግመኛ እንዳይጠጣ በቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ሳይቀር ቃሉን ጻፈ። ቃሉን ግን ሊጠብቅ አልቻለም።

በኒው ዮርክ ታውንስ ሆስፒታል ደጋግሞ ተኛ። በዚያ ዶክተር ዊልያም ሲልክወርዝ ይህ የፈቃድ ድክመት ብቻ ሳይሆን ሕመም እንደሆነ አስረዳው። በ1934 መጨረሻ ኤቢ ታቸር የተባለ የድሮ የመጠጥ ጓደኛው መጥቶ በእምነት መጠጥ እንደተወ ነገረው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ቢል እንደገና ሆስፒታል ገባ። በሕክምና ላይ ሳለ ከአልጋው ሆኖ ወደ እግዚአብሔር ጮኸ። ከዚያ በኋላ በ1971 እስኪሞት ድረስ አልጠጣም።

ወገኔ ሆይ፣ ልብ በል! የጮኸው ሐኪም አጠገቡ ባለበት ነው።

በግንቦት 1935 ለሥራ ወደ አክሮን ከተማ ሄደ። ሥራው ሲከሽፍበት የመጠጥ አምሮት ያዘው። እርሱ ግን ወደ መጠጥ ቤት በመግባት ፈንታ ስልክ እየደወለ እንደ እርሱ የሚቸገር ሰው ፈለገ። ያገኘው ሐኪሙን ቦብ ስሚዝን ነው። ቦብም በሰኔ 10 ቀን 1935 የመጨረሻውን ጠጣ። ያ ቀን ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያለው የሱሰኞች መረዳጃ ማኅበር የተመሠረተበት ሆኖ ይታሰባል። ሁለቱም ሌላ ጠጪ ፍለጋ የሄዱት ወደ አክሮን ከተማ ሆስፒታል ነበር።

በዚያ ዘመን ለቢል የተሰጠው መድኃኒት ዛሬ ቀርቷል፤ የተሻለ ተገኝቷል። ለብዙ ጊዜ በየቀኑ አረቄ ወይም ሌላ መጠጥ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት የሚጥል በሽታ የመሰለ መንፈራገጥ ሊመጣበት ይችላል። ከ2 እስከ 4 ባሉት ቀናት ደግሞ የሌለ ነገር ማየትና መቃዠት ይከተላል፤ ካልታከመ ሊገድል ይችላል። ሐኪም ግን በማረጋጊያ መድኃኒትና በቫይታሚን ቢ1 ይህን ያሻግራል። ጋኔን ነው ብለህ ሰውየውን አትሰረው፤ ፈጥነህ ሐኪም ቤት አድርሰው።

ስለዚህ ከማቆምህ በፊት በአቅራቢያህ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂድ። ስንት እንደምትጠጣ ሳትሸሽግ ተናገር። ከበድ ካለ ደሴ በዚያው አስፋልት ላይ ናት፤ አዲስ አበባም የአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አለ። ሚስጥርህን የሚጠብቅ፣ እነዚያን ቀናት ከጎንህ የሚያድር አንድ ሰው ምረጥ።

ሉቃስ ወንጌል ጸሐፊም ሐኪምም ነበረ። ጸሎትህን ሐኪም አይተካውም፤ ሐኪሙንም ጸሎትህ አያስቀረውም። ጌታ በሁለቱም ይርዳህ።