ሙሴ ኢልግ፦ በአገራችን ቤት የሠሩ እንግዳ

በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት ስለ ራሳችን ብዙ ይጻፋል። ማን ቀድሞ መጣ፣ ማን የትኛው ካርቲዬ ገባ፣ ልጆቻችን የት ተማሩ የሚለው ሁሉ ይነሣል። እኔ ደግሞ የእኛን መንገድ በተቃራኒው ስለሄዱ አንድ ሰው ላጫውታችሁ ፈለግሁ። እኛ ከኢትዮጵያ ወጥተን በሰው አገር ጎጆ ቀለስን፤ እርሳቸው ከአውሮፓ መጥተው በእኛ አገር ጎጆ ቀለሱ። አያቶቻችንንና አባቶቻችንን ወደ ጅቡቲ ያመጣው የባቡር ሐዲድም መጀመሪያ የተጠነሰሰው በእርሳቸው እጅ ነው። ሰውየው በአገራችን ሙሴ ኢልግ እየተባሉ የሚታወሱት የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ናቸው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እዚህ በለመድነው በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፌዋለሁ።

አልፍሬድ ኢልግ ማርች 30 ቀን 1854 በስዊስ አገር፣ ፍራውንፌልድ በምትባል ከተማ ተወለዱ። በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ገብተው በመሐንዲስነት ተመረቁ። በዚያው ዘመን ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ነበሩ። የአውሮፓን የእጅ ጥበብ የሚያውቅ ሰው ይፈልጉ ስለነበር፣ በኤደን ለነበረ የስዊስ ንግድ ቤት መልእክት ላኩ። ዕድሉ ለሃያ አራት ዓመቱ ወጣት ለኢልግ ደረሰ። በ1878 ከሁለት የእጅ ባለሙያዎች ጋር ከአገራቸው ተነሡና በ1879 መጀመሪያ አንኮበር ገቡ።

በዚያን ጊዜ ጅቡቲ የምትባል ከተማ አልነበረችም፤ ፈረንሳዮች የቆረቆሯት በ1888 ነው። ከባሕሩ እስከ ሸዋ ያለው በረሃ በግመልና በበቅሎ ብዙ ሳምንት የሚፈጅ ነበር። ከውኃ እስከ ውኃ ያለው ርቀት እየተሰላ፣ የባላባቱ ፈቃድ እየተጠየቀ የሚታለፍ መንገድ ነው። ዛሬ በአንድ ቀን የምንጨርሰውን መንገድ የዚያ ዘመን ሰው ዕድሜውን እያስያዘ ይሄድበት ነበር።

አንኮበር ሲደርሱ ለእንግዳው የተዘጋጀ የፈረንጅ ኑሮ አልነበረም። ቤቱ እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር ነው። ምግቡ እንጀራና ወጥ፣ መጠጡ ጠላና ጠጅ ነው። ከአገራቸው የለመዱትን ገዝተው የሚበሉበት ሱቅ የለም። እንዲህ ባለ ቦታ እንግዳ ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ የአገሩን ገበታ ይለምዳል፣ ወይ ጓዙን ጠቅልሎ ይመለሳል። ብዙ ፈረንጆች መጥተው፣ የሚያተርፉትን አትርፈው ተመልሰዋል። ኢልግ ግን ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቆዩ። ለዚህ ትልቁ ምክንያት አማርኛን አጥርተው መማራቸው ይመስለኛል። ከንጉሡ ጋር ያለ አስተርጓሚ ይነጋገሩ ነበር። ከአናጢውና ከግንበኛውም ጋር እንዲሁ። በአስተርጓሚ የሚኖር ሰው ሁልጊዜ እንግዳ ነው፤ ቋንቋውን የያዘ ግን ባለቤት ባይሆን እንኳ ጎረቤት ይሆናል።

ስለ መጀመሪያ ሥራቸው ሲነገር የኖረ ወግ አለ። ምኒልክ መሐንዲሱን ሊፈትኗቸው ፈልገው መጀመሪያ ጫማ እንዲሠሩ አዘዟቸው ይባላል። ጫማው ሲያምርላቸው ጠመንጃ እንዲሠሩ አዘዙ። ኢልግ ከአውሮፓ ቢገዛ በርካሽ እንደሚገኝ ቢያስረዱም ንጉሡ በአገር ውስጥ መሠራቱን ፈለጉ፤ ጠመንጃውም ተሠራ ይባላል። መሐንዲስ ሆኜ ጫማ አልሰፋም ብለው ቢመለሱ ኖሮ ታሪካቸው እዚያው ላይ ባለቀ ነበር። በሰው አገር የመጀመሪያው ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የተማሩበት አይደለም። ይህንን በየቤታችን እናውቀዋለን።

ከዚያ በኋላ ሥራው እየሰፋ ሄደ። በ1880ዎቹ አጋማሽ በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠሩ። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ ደግሞ በ1894 ከእንጦጦ እስከ ቤተ መንግሥቱ የቧንቧ ውኃ አስገቡ። እስከዚያ ድረስ ውኃ በሴቶች ጀርባ፣ በእንስራ ነበር የሚመጣው። ውኃው ከተራራው ወርዶ፣ ሸለቆውን ተሻግሮ፣ እንደገና ሽቅብ ወደ ግቢው ሲወጣ ሕዝቡ እጅግ ተደነቀ። የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች በፓሪስ ታትመው ሲመጡም የኢልግ እጅ ነበረበት።

ኢልግ ንግድም ያውቁ ነበር። ዛሬ ዓለም በባለቅኔነት የሚያውቃቸው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ እስከ 1891 ድረስ በሐረር ነጋዴ ነበሩ። ራምቦ ከሐረር ዕቃ ይልካሉ፤ ኢልግ ሸዋ ሆነው ይሸጡላቸዋል። በመካከላቸው የተጻጻፉት ደብዳቤዎች እስከ ዛሬ አሉ። በአንዱ ላይ ኢልግ ቅሬታ ያቀርባሉ። ራምቦ ከላኩት ዕቃ ውስጥ የማስታወሻ ደብተር ነበረበት፤ ገበያተኛው ግን መጻፍ የማይችል ሕዝብ ነው። ታዲያ ይህን ማን ይገዛኛል ብለው በቀልድ ይወቅሷቸዋል። እንደ እኔ ባንኮኒ ጀርባ የቆመ ሰው ይህን ሲያነብ ይስቃል። ኢልግ ገበያውን ያወቁት ሕዝቡን ስላወቁ ነው። የጎረቤቱን ጓዳ ያላየ ነጋዴ ዕቃው መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል።

በ1895 ኢልግ ወደ አገራቸው ሄደው ፋኒ ጋቲከር የምትባል የዙሪክ ልጅ አገቡና ወደ አዲስ አበባ ይዘዋት መጡ። ያ ሙሽራ ጉዞ በባቡር አልነበረም፤ ሐዲዱ ገና አልተጀመረም። አዲስ አበባም ያኔ ድንኳንና የሣር ጎጆ የበዛባት፣ ማገዶና የቤት እንጨት ከሩቅ የሚመጣባት ከተማ ነበረች። እዚያ ቤት ሠሩ፤ ልጆችም ወለዱ። አንዱን ልጃቸውን ምኒልክ ብለው ሰየሙት። ሰው ለልጁ የሚያወጣው ስም ልቡ የት እንዳለ ይናገራል። በ1897 ደግሞ ዳግማዊ ምኒልክ በመንግሥት አማካሪነት ሾሟቸው። የውጭ ጉዳይ ሥራም በእጃቸው ገባ። ስማቸው በአውሮፓ ቤተ መንግሥታት ሳይቀር ታወቀ።

አሁን ወደ እኛ ሐዲድ ልምጣ። ኢልግ የባቡርን ሐሳብ ለምኒልክ ያቀረቡት ከብዙ ዓመት በፊት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ማርች 9 ቀን 1894 ለኢልግ የሐዲድ ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ዘመኑ ዘጠና ዘጠኝ ዓመት ሲሆን መስመሩ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከዚያም እስከ ከፋና ነጭ አባይ እንዲሄድ የታሰበ ነው። ኢልግና ፈረንሳዊው ሊዮን ሼፍኖ በ1896 በፓሪስ ኩባንያ አቋቋሙ። በ1897 ጅቡቲ ላይ ሥራው ተጀመረ።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ሐሩሩ፣ የውኃ እጦቱ፣ መሬታቸው ያለ ፈቃዳቸው የተቆረጠባቸው የኢሳ ሰዎች መነሣት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የገንዘብ ችግር ነበረ። ኩባንያው አክሲዮን ሸጦ አልበቃው ስላለ የእንግሊዝ ባለገንዘቦች ገቡበት። የፈረንሳይ መንግሥት በዚህ ደንግጦ በ1902 ከኩባንያው ጋር ተዋውሎ የገንዘብ ድጋፍ ሰጠና ሐዲዱን በእጁ አስገባ። ምኒልክ ሳያውቁና ሳይፈቅዱ የተደረገ ውል ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ሐዲዱ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ድሬዳዋ ደረሰ። ሐረር ተራራ ላይ ስለሆነች መስመሩ ወደ እርሷ ሳይወጣ ቀረ፤ በሜዳው ላይ አዲስ ከተማ ተወለደች። ምኒልክ ግን በውሉ ተቆጥተው ስለነበር ለምርቃቱ አልሄዱም።

ከዚያ ወዲህ የኢልግ ነገር እየቀዘቀዘ መጣ። በአንድ ወገን የኩባንያው ሰው፣ በሌላው ወገን የንጉሡ አማካሪ ነበሩ፤ ሁለቱ ሲጣሉ በመካከል መቆም አልተቻለም። በቤተ መንግሥቱም ሌሎች ፈረንጆችና የየአገሩ ቆንስሎች በዙ። የኢልግ ተሰሚነት ቀነሰ። በ1906 ከኢትዮጵያ ወጡ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ከንጉሡ አገልግሎት ተሰናበቱ። ኑሯቸውን በዙሪክ አደረጉ።

የታሪኩ ከባድ ቦታ ይህ ነው። ኢልግ በአገራችን ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ኖረዋል፤ ቋንቋውን ያውቃሉ፤ ልጃቸውን በንጉሡ ስም ጠርተዋል። ነገር ግን በዚያ ዘመን የአዲስ አበባ መሬት የሚያዘው በንጉሡ ፈቃድና ስጦታ ነበር። የከተማው የመሬት ይዞታ ደንብ የወጣው በ1907፣ ኢልግ ከወጡ በኋላ ነው። ኑሯቸው የቆመው በአንድ ታላቅ ሰው ፍቅርና እምነት ላይ ነበር። ፍቅሩ ሲቀዘቅዝ ሌላ የሚይዙት ምሰሶ አልነበረም። የእንግዳ ኑሮ ትልቁ ፈተና ይህ ነው። የኪራይ ቤት በባለቤቱ ቃል ብቻ የያዘ ሰው፣ ወይም ሱቁን በአንድ ወዳጁ ስም ያስመዘገበ ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቃል።

ምኒልክ በዲሴምበር 1913 አረፉ። ኢልግ ደግሞ ጃንዋሪ 7 ቀን 1916 በዙሪክ በስድሳ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ በ1908 በሌላ ኩባንያ ተተክቶ ነበር። ሐዲዱም አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ሐሳቡን ያመጡት መሐንዲስም ሆኑ የፈቀዱት ንጉሥ ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ ፊሽካውን አልሰሙም።

ታዲያ ኢልግ በከንቱ ደከሙ ልንል ነው? እኔ አይመስለኝም። 784 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው ያ ሐዲድ ለአንድ ክፍለ ዘመን ገደማ ሰውና ዕቃ አመላልሷል። ጨው፣ ቡና፣ ቆዳ፣ አትክልት፣ ጫትም ሄዶበታል። በእርሱ ተሳፍሮ የመጣ የጣቢያ ሠራተኛ፣ የወደብ ተሸካሚ፣ ልብስ ሰፊ፣ እንጀራ ጋጋሪ እዚህ ቀርቶ ልጅ ወልዷል። ለገሃር የሚለው የአዲስ አበባ ሰፈር ስም እንኳ የፈረንሳይኛው የባቡር ጣቢያ መጠሪያ ነው፤ በእኛ አፍ አማርኛ ሆኖ ቀረ። እዚህ ጅቡቲም መሐል ከተማ ያለው አደባባይ በሕግ የ27 ጁን 1977 አደባባይ ቢባልም፣ ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ምኒልክ አደባባይ ብሎ ይጠራዋል። የድሮው ሐዲድ አርጅቶ ሥራውን ቢያቆምም፣ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በኦክቶበር 2016 አዲስ አበባ፣ በጃንዋሪ 2017 ጅቡቲ ላይ ተመርቆ በዚያው አቅጣጫ ይሄዳል።

ኢልግ ከኢትዮጵያ ይዘዋቸው የሄዱት ልብስ፣ ጌጣጌጥ፣ ዕቃና ያነሷቸው ፎቶግራፎች ዛሬ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ይገኛሉ። የስዊስ ተማሪ የአባቶቻችንን ኑሮ እዚያ ያያል።

ለእኛ ከዚህ ሕይወት የሚተርፈን ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ኢልግ ያደረጉት ነው፤ የአገሩን ቋንቋ መማር፣ ከአገሩ ሰው ጋር ከአንድ ገበታ መቁረስ፣ ለአገሩ የሚጠቅም ሥራ መሥራት። ልጆቻችን አማርኛቸውን ሳይረሱ ሶማልኛና አፋርኛ ቢያውቁ ሁለት ቤት ይኖራቸዋል። ሁለተኛው ኢልግ ያላገኙት ነው፤ በአንድ ሰው በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ ያልተንጠለጠለ መሠረት። ወረቀትን ማስተካከል፣ የቤትና የሱቅ ውልን በራስ ስም መያዝ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በአንድነት መቆም። ማኅበራችን የተቋቋመውም ለዚሁ ነው። አንዱ ወዳጅ ሲርቅ ሌላው እንዲቀርብ፣ የታመመ እንዲጠየቅ፣ የሞተ በወግ እንዲቀበር።

መልካም የኢዮቤልዩ በዓል ያድርግልን። ለከርሞም በሰላም ያድርሰን።