የፈላስፋው ስምና የስም የለሾች ላብ

የአንድ ሐሳብ ዋጋ የሚመዘነው በባለቤቱ ስም ገናናነት ነው ወይስ ለሰው ልጅ በሚሰጠው ብርሃን? በማኅበር ስብሰባም ሆነ በሠራተኞች የውይይት ክበብ የውጭ ፈላስፋ ስም ጠርቶ ክርክር ለመዝጋት የሚሞክር አይታጣም። ሳርትር እንዲህ አለ ሲባል ታዳሚው ዝም ይላል፤ ወርቄ እንዲህ አለ ቢባል ግን ወርቄ ማን ነው የሚል ጥያቄ ይከተላል። ፈረንሳዊው ዣን ፖል ሳርትር እ.ኤ.አ. በ1964 የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አልቀበልም ካለባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ በጸሐፊ ስም ላይ የሚለጠፍ ማዕረግ በአንባቢው ፍርድ ላይ ተጽዕኖ ያደርጋል የሚል ነበር። ይህን እውነት ለመረዳት ግን እስከ ፓሪስ መሄድ አያሻም፤ የጋይንት ቤተልሔም ይበቃል።

«ሐተታ» የተሰኘው የግዕዝ ድርሰት እንደሚተርከው፣ ወርቄ እ.ኤ.አ. በ1599 በአክሱም አካባቢ ከድሃ ገበሬ ተወለደ። የክርስትና ስሙ ዘርዓ ያዕቆብ ነው። ዳዊት ከደገመ በኋላ ዜማ ጀመረ፤ ድምፁ ሻካራ ሆኖ ጓደኞቹ ስለሳቁበት ወደ ቅኔና ሰዋስው ዞረ፤ የመጻሕፍትንም ትርጓሜ ተማረ። በአክሱም መምህር በሆነበት ዘመን ገዥው መደብ በሃይማኖት ስም ተከፋፍሎ ሕዝቡን ያተራምስ ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት ተቀብሎ በኃይል ለመጫን ሲነሣ፣ ወርቄ የሁለቱንም ወገን ትርጓሜ ጎን ለጎን እያስተማረ ለማንም ስላላደረ ሁለቱም ጠሉት። በንጉሡ ዘንድም ተከሰሰ። ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ሸሸ፤ በተከዜ አጠገብ በሚገኝ ዋሻም ሁለት ዓመት ያህል ተቀመጠ።

ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1632 ከሞተ በኋላ ወርቄ ወደ እንፍራዝ መጣ። ሀብቱ ለተባለ ባለጸጋ መጻሕፍት እየገለበጠና ልጆቹን እያስተማረ በእጁ ሥራ ኖረ። የሀብቱን የቤት አገልጋይ ኂሩትን ሲያገባ፣ ከእንግዲህ እርስዋ የማንም ገረድ እንዳልሆነችና ባልና ሚስት እኩል መሆናቸውን አሳወቀ። ቁስ አካላዊ ፈላስፋ አልነበረም፤ በፈጣሪ ያምናል። ነገር ግን ማንኛውም ልማድና ትእዛዝ በአእምሮ ብርሃን እንዲመረመር ጠየቀ፤ ሰውን እንደ ከብት መሸጥና መለወጥንም አወገዘ። እ.ኤ.አ. በ1667 በደቀ መዝሙሩ በወልደ ሕይወት ጥያቄ ሐተታውን ጻፈ፤ በ93 ዓመቱም ዐረፈ።

ይህ ሕይወት ወደ ዓለም የወጣው በጋይንት በኩል ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ኢጣልያዊ ሚሲዮናዊ በቤተልሔም ተቀምጦ ግዕዝ እየተማረ፣ ለፈረንሳዊው አጥኚ ለአንቷን ዳባዲ የብራና መጻሕፍት ይሰበስብ ነበር። ሐተታውንም የላከው እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ የድርሰቱ ባለቤት ራሱ ሚሲዮናዊው ነው ሲል ጻፈ። ተጠራጣሪዎች ከሚያቀርቧቸው ማስረጃዎች አንዱ ደግሞ ስም ነው፤ የጁስቶ የልደት ስም ያኮፖ፣ ማለትም ያዕቆብ ነበርና። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ፕሮፌሰር ክሎድ ሰምነር በ1970ዎቹ ደራሲው ኢትዮጵያዊ ነው ሲሉ ሰፊ መከራከሪያ አቀረቡ። ቀድሞ ይጠራጠሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በኋላ አቋማቸውን ለውጠው ድርሰቱን የወርቄ ሐተታ ብለው ሰየሙት።

ክርክሩ አልተዘጋም፤ የሚፈታውም በማስረጃ እንጂ በቁጭት አይደለም። ገበሬ የወለደው ኢትዮጵያዊ ይህን ሊያስብ አይችልም የሚለው ንቀት ማስረጃ እንዳልሆነ ሁሉ፣ የእኛ መሆን አለበት የሚለው ፉከራም ማስረጃ አይሆንም። አንድ ነገር ግን ከክርክሩ ውጭ ነው። ድርሰቱ የወርቄ ከሆነ፣ ለዘመናት ብራና እየፋቁና ቀለም እየበጠበጡ የገለበጡ ስማቸው ያልተጻፈ ጸሐፍት አሉበት። የጁስቶ ነው ቢባልም፣ ያን የመሰለ ግዕዝ ከኢጣልያ ይዞት አልመጣም፤ ያስተማሩት የአገሬው ሊቃውንት ናቸው። ድጓ በሚመሰከርባት በቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት በሚመሰከርባት በዙር አምባ፣ ከስማዳና ከእስቴ ቆላና ደጋ እያቋረጠ ቁራሽ እየለመነ የተማረው የቆሎ ተማሪ ሁሉ የዚህ እውቀት ባለድርሻ ነው።

እንግዲህ በየስብሰባው የገናና ሰው ስም ሲጠራ፣ ሳርትርም ይሁን ዘርዓ ያዕቆብ፣ አንገት መድፋት አይገባም። ሐተታ ማለት ምርመራ ነው። ሠራተኛው ሐሳቡን ይመርምር፤ ከስሙ በስተጀርባ የማን ላብ እንዳለም ይጠይቅ።