ቨርጂል

ቨርጂል (በሮማይስጥ ፑብሊዩስ ዌርጊሊዩስ ማሮ፤ 70 - 19 ዓክልበ.) የጥንታዊ ሮሜ ባለቅኔ ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው «ኤኔይድ» በተባለው ረጅም ተራኪ ግጥሙ ነው።

ሕይወቱ

ቨርጂል በስሜን ጣልያን፣ በማንቱዋ ከተማ አጠገብ አንዴስ በተባለ መንደር ተወለደ። በክሬሞና፣ በሚላኖና በሮሜ ተማረ። በ42 ዓክልበ. ከፊልጵስዩስ ውጊያ በኋላ በጣልያን መሬት ከባለርስቶች እየተነጠቀ ለወታደሮች ታደለ፤ ይህ መከራ ስለ እረኞች በጻፋቸው የመጀመርያ ግጥሞቹ ውስጥ ይታያል። ከዚያ የአውግስጦስ ቄሳር ወዳጅ ማይኬናስ ደጋፊው ሆነ። ስለ እርሻ የሚናገሩት አራት መጻሕፍቱ 7 ዓመት፣ ኤኔይድ ደግሞ 11 ዓመት ፈጅተውበታል።

አጻጻፉ

በጥንት የተጻፈው የሕይወት ታሪኩ እንደሚለው፣ ቨርጂል ጠዋት ብዙ ስንኞች ያስጽፍና ቀኑን ሙሉ ሲያርማቸው ውሎ ጥቂቶችን ብቻ ያስቀር ነበር። ኤኔይድን ግን አስቀድሞ በስድ ንባብ ነድፎ በ12 መጻሕፍት ከፈለው፤ ሐሳቡ እንዳይቋረጥበትም ያልተሟሉትን ቦታዎች ለጊዜው እየተወ ያልፍ ነበር። አውግስጦስ በእስፓንያ ዘመቻ ላይ ሳለ ረቂቁን እንዲልክለት በደብዳቤ ወተወተው። ቨርጂል ከብዙ ጊዜ በኋላ ሦስት መጻሕፍት ብቻ አነበበለት።

መዘግየትና ጥድፊያ በኤኔይድ

ትረካው የሚነሣው ከታሪኩ መካከል ነው። ኤኔያስ ከተቃጠለችው ትሮያ ከወጣ 7ኛው ዓመት ላይ ማዕበል ይመታዋል፤ የትሮያ ውድቀት የሚነገረው ከዚያ በኋላ በራሱ አንደበት ነው። ዩኖ የተባለችው አምላክ የኤኔያስን ዕጣ መለወጥ እንደማይቻላት ታውቃለች፤ ማዘግየት ግን ትችላለች። ኤኔያስ በካርታጎ ከንግሥት ዲዶ ጋር ክረምቱን ሲያሳልፍ፣ ዩፒተር መልእክተኛውን መርኩሪን ይልክበታል። መርኩሪ ዳግመኛ በሕልም ታይቶ ሲያጣድፈው፣ ኤኔያስ የመርከቡን ገመድ በሰይፍ ቆርጦ በሌሊት ይሄዳል፤ ዲዶም ራሷን ትገድላለች። በመጨረሻ የተሸነፈው ቱርኑስ ምሕረት ሲለምን ኤኔያስ ያመነታል። ነገር ግን ቱርኑስ የወዳጁን የፓላስን ቀበቶ ታጥቆ ስላየው በቁጣ ይገድለዋል። ግጥሙም እዚያው ላይ ያበቃል።

ዕረፍቱ

ቨርጂል ግጥሙን ለማረም 3 ዓመት ሊጨምር አስቦ በ19 ዓክልበ. ወደ ግሪክ ሄደ። በአቴና ግን አውግስጦስን አግኝቶ አብሮት ሊመለስ ወሰነ። በመጋራ በጠራራ ፀሐይ ታመመ፤ ባሕር ተሻግሮ ብሪንዲዚ ከደረሰ ከጥቂት ቀናት በኋላ በ50 ዓመቱ ዐረፈ፣ በናፖሊም ተቀበረ። ከመሞቱ በፊት ራሱ ሊያቃጥለው ኤኔይድን እንዲያመጡለት ደጋግሞ ለምኖ ነበር፤ ማንም አላመጣለትም። በአውግስጦስ ትዕዛዝ ወዳጆቹ ዋሪዩስና ቱካ ጥቂት ብቻ አርመው አወጡት። ጎዶሎዎቹን ስንኞች እንዳሉ ስለ ተዉአቸው፣ ዛሬም ከ50 በላይ የሚሆኑት በግማሽ እንደ ቀሩ ይነበባሉ።