ጠያቂ ያለው ሰው

እዚህ ካቺሲ በየዶርሙ አንድ ክርክር ሰምተናል። የውጭ አገሮች ሰብዓዊ መብት ይከበር፣ ምርጫው ይስተካከል እያሉ ሲጮኹ ጩኸታቸው ለሰዉ ምን ይፈይድለታል? በዚህ ምክንያት ለዛሬው ዓምዳችን የቄስ ጉዲና ቱምሳን ሕይወት መርጠናል።

ቄስ ጉዲና በ1921 ዓ.ም. ወለጋ፣ ቦጂ ተወለዱ። ነቀምቴ ሆስፒታል ድሬሰርነት ተምረው በሽተኛ ሲረዱ ቆዩና በ1950 ዓ.ም. ቄስ ሆኑ። አሜሪካ አገር ሚኒሶታ ነገረ መለኮት ተምረው ሲመለሱ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊነት ተሰጣቸው። የውጭ ሰው ያለውን ሁሉ እሺ የሚሉ አልነበሩም። ለጋሾች ለትምህርት ቤትና ለክሊኒክ ገንዘብ ሲሰጡ ለወንጌሉ ሥራ ግን ቢያቅማሙ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1964 ዓ.ም. ሰው ሥጋና ነፍስ ተብሎ እንደማይከፈል ጽፋ አስረዳቻቸው።

ደርግ ከመጣ በኋላ ነገር ከረረ። በመጋቢት 1969 የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ተወረሰ፤ ብዙ ምዕመናን ታሰሩ። ቄስ ጉዲናም በ1971 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ ታስረው ተፈቱ። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ስለ ሕይወታቸው ይጨነቅ ነበር። የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬም ከአገር የሚወጡበትን መንገድ አመቻቹላቸው። እሳቸው ግን መንጋቸውን ጥለው መሄድን እምቢ አሉ።

ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ዑራኤል አካባቢ ካለችው ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ተያዙ። እሳቸውን በዚያው ሌሊት ገደሏቸው። የት ደረሱ ተብሎ ከውጭ ሲጠየቅ መንግሥት እሱ ዘንድ እንደሌሉ መለሰ። ወይዘሮ ፀሐይም በኋላ ታስረው ወደ አሥር ዓመት ገደማ ማቀቁ። የቄሱ አጽም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ በወግ ተቀበሩ።

እንግዲህ የውጭ ግፊት ከንቱ ነው ማለት ነው? አይደለም። ጠያቂ ያለው ሰው 13 ዓመት ጉድጓድ ውስጥ ቢቆይም ስሙ አይቀበርም። ዳሩ ግን ሩቅ ያለ ሰው ይጠይቃል እንጂ በእኛ ቦታ አይቆምልንም።

ነገ በየቀበሌው ስንመደብ፣ በምርጫ ቀን አስፈጻሚ ሁኑ ልንባል እንችላለን፤ መምህር ለዚህ ይፈለጋልና። ታዛቢው ቢመጣም ውሎ ይሄዳል። ኮሮጆው ሲከፈት ድምፁን የምንቆጥረው፣ በማግስቱም የተማሪዎቻችንን ወላጆች ፊት ለፊት የምናየው እኛው ነን። ያን ቀን ምን እንደምናደርግ ከአሁኑ እንምከርበት።