ከአቃቂ ሜዳ ይነሡ የነበሩት ኮሎኔል

የአቃቂ ልጅ ነኝ። ለእኔ አቃቂ ማለት ፋብሪካ፣ የከባድ መኪና ሰልፍና የድሮው ባቡር ነው። እዚህ ሜዳ ላይ አውሮፕላን ይነሣና ያርፍ እንደነበር ያወቅኩት በቅርቡ ነው። አንድ ሥልጠና አመልክቼ አልቀበል ሲሉኝ፣ ተናድጄ ስልኬን ስነካካ ስለ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን አነበብኩ።

ሮቢንሰን ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው፤ ያደጉት ሚሲሲፒ ውስጥ ነው። ቱስኪጊ የመኪና ጥገና ተምረው ቺካጎ ገቡ። የበረራ ትምህርት ቤቱ ግን በቆዳቸው ቀለም ምክንያት በሩን ዘጋባቸው። ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? እዚያው ጽዳት ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ! ወለል እየጠረጉ ጆሯቸውን ለመምህሩ ሰጡ። በኋላ ተማሪ፣ ከዚያም አስተማሪ ሆኑ።

በ1927 ዓ.ም. ጣሊያን ለወረራ ስትዘጋጅ አዲስ አበባ መጡ። ጃንሆይ የኮሎኔልነት ማዕረግ ሰጥተው ትንሿን አየር ኃይላችንን እንዲመሩ ሾሟቸው። ምን አየር ኃይል አለና! በጣት የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹ መሣሪያ የሌላቸው አውሮፕላኖች ናቸው። ስለዚህ ሥራቸው ከመዋጋት ይልቅ መልእክት፣ መድኃኒትና ሰው ማመላለስ ነበር፤ ያውም ጠላት በያዘው ሰማይ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አድዋ በቦምብ ስትደበደብ እዚያው ነበሩ። በመጋቢት የጣሊያን አብራሪዎች አቃቂ ድረስ መጥተው ሜዳውን ደበደቡ።

ወረራው ሲበረታ አገራቸው ተመለሱ። ቺካጎ በሺዎች ወጥታ እንደ ጀግና ተቀበለቻቸው። እሳቸውም ጥቁር ወጣቶች የሚማሩበት የበረራ ትምህርት ቤት ከፈቱ።

እዚያ ተመችቷቸው መቅረት ይችሉ ነበር። በ1936 ዓ.ም. ግን አየር ኃይሉን መልሶ ለማቋቋም ባለሙያዎች ይዘው መጡ። ሁሉም አልጋ በአልጋ አልነበረም፤ ከስዊድናዊው ካውንት ፎን ሮዘን ጋር ተጋጭተው ከአየር ኃይሉ ወጡ። ያኔም ኢትዮጵያን አልተዉም። ከመስፍነ ሐረር ልዑል መኮንን ጋር ሆነው ወደ ንግድ ገቡ፤ ሱልጣን ኤርዌይስ የተባለ አየር መንገድም አቋቋሙ።

በመጋቢት 1946 ዓ.ም. ለሕክምና የሚሆን ደም ለማድረስ ሲበሩ አውሮፕላናቸው ተከሰከሰ። ሆስፒታል ቆይተው አረፉ፤ አዲስ አበባም ተቀበሩ።

እዚሁ ሰፈር ሳድግ ስማቸውን የነገረኝ አልነበረም፤ ለዚህ ነው ለእናንተ የጻፍኩት። እኔም ነገ ወደ አልቀበል ወዳሉኝ ቦታ ተመልሼ እሄዳለሁ። እምቢ ካሉኝ፣ የሚጠረግ ወለል ካላቸው እጠይቃለሁ።